ስለ ትከሻና ስለ ክንድ ነርቭ ጉዳት ለወላጆች የቀረበ ቃል

እጅ የሥራ ሁሉ መሣሪያ ነው። ገበሬው ሞፈሩን፣ ጸሐፊው ብዕሩን፣ እናት ልጅዋን የሚይዙት በእርሱ ነውና፤ የአንድ ሰው ክንድ የሰነፈ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይጐዳል። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

እኛ በወላይታ ሶዶ የባለጉዳዮችን ቃል ስንጽፍ፣ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ የተጐዳ ሰው «እጄ ሽባ ሆነ» ብሎ ያመለክታል፤ እኛም ያንኑ እንጽፋለን። ነገር ግን ይህ አንድ ቃል የማይመሳሰሉ ብዙ ጉዳቶችን ይሸፍናል። ዳኛ የጉዳቱን ልክ ሳያውቅ ካሣ እንደማይፈርድ፣ ሐኪምም ደረጃውን ሳይለይ ሕክምናውን ሊወስን አይችልም።

ክንድን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአከርካሪ በአምስት ሥሮች ይወጣሉ፤ አራቱ ከአንገት፣ አንዱ ከደረት መጀመሪያ ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል ተጠላልፈው፣ በብብት በኩል እስከ ጣቶች ይወርዳሉ። ሰው ወድቆ ራሱና ትከሻው ወደ ተለያየ ወገን ሲሳቡ፣ ወይም በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ትከሻ ከእናቱ ዳሌ አጥንት ኋላ ሲያዝ፣ እነዚህ ነርቮች ይለጠጣሉ፤ ሲብስም ይበጠሳሉ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሴዶን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. የነርቭን ጉዳት በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ አውስትራሊያዊው ሰንደርላንድም በ1951 ዓ.ም. አምስት አደረገው። በሴዶን አከፋፈል በመጀመሪያው ደረጃ ነርቩ ደነዘዘ እንጂ አልተበጠሰም፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። በሁለተኛው የውስጡ ክር ተቈርጦ ሽፋኑ ይቀራል፤ ክሩም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ በቀድሞ መንገዱ ይሄዳል። በሦስተኛው ነርቩ ፈጽሞ ስለ ተበጠሰ ያለ ቀዶ ሕክምና አይጋጠምም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሥሩ ከሕብለ ሰረሰር የተነቀለ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ከጎረቤት ነርቭ ቅርንጫፍ ወስዶ ያዛውራል።

እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሮንትገን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ያገኘው ራጅ የአጥንትን ስብራት እንጂ ነርቭን አያሳይም። አልትራሳውንድ ከአከርካሪ ውጭ ያለው ነርቭ ማበጡን ወይም መበጠሱን ይገልጣል። ኤም አር አይ ደግሞ በአከርካሪ ውስጥ ያለውን ሥር ያሳያል፤ ሥሩ በተነቀለበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የውሃ ከረጢት የመሰለ ምልክት ይታያል። ይሁን እንጂ ምስል አንድ ምስክር ነው፤ መካከለኞቹን ደረጃዎች አጥርቶ ለመለየት ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ በእጁ ይመረምራል፤ የነርቩንም ሥራ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይፈትናል፤ ከዚያም የሁሉንም ምስክርነት አስተያይቶ ይወስናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጊዜ ስለማይጠብቅ ነው። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ካደገ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ለመሄድ 300 ቀን ይፈልጋል፤ ጡንቻ ግን ያለ ነርቭ ከ12 እስከ 18 ወር የቈየ እንደ ሆነ መንምኖ፣ ነርቩ ቢደርስለት እንኳ አይታዘዝም። ስለዚህ ዓመት ሙሉ በወጌሻ መታሸት፣ ወጌሻው ቅን ሰው ቢሆንም፣ የማይመለስ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሲወለድ ክንዱ የሰነፈ ሕፃን ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፤ እናቱም ጥፋተኛ አይደለችም። ነገር ግን ሦስት ወር ሞልቶት ክርኑን ማጠፍ ያቃተው እንደ ሆነ ለነርቭ ቀዶ ሐኪም ሊታይ ይገባዋል። በሶዶ ከተማ ቀድሞ ኦቶና ይባል የነበረው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ እንዲሁም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. የተከፈተው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ። ወላጆች መጀመሪያ ወደ ሐኪም ሄደው «የጉዳቱ ደረጃ ምንድን ነው? ለምርመራው ወዴት እንሂድ?» ብለው ይጠይቁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ደረጃውን ሳያስለይ የዘገየም ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ ሹም የሆነ ለሕዝቡ፣ አባት የሆነ ለቤቱ ይህን ይንገር።