ከምናለሽ ተራ የመጣ አልጋ

ለልጃችሁ መኝታ ክፍል ልታሰናዱ አስባችሁ መጀመሪያ የምትሮጡት ወደ ቤት ዕቃ መሸጫ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ተራ መሳቢያ ሮዝ ተቀብቶ ቢራቢሮ ሲለጠፍበትና «የልጆች» ሲባል ዋጋው የት እንደሚደርስ አውቃለሁ።

የአራት ዓመቷ ልጃችን ከእኛ አልጋ ወጥታ ወደ ራሷ ክፍል መግባት አለባት፤ ሁለተኛው ልጅ ሊወለድ ሁለት ወር ቀርቶታል። ለክፍሉ ያለን 15 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ካለፍን የምንነካው ለወሊድ ያስቀመጥነውን ነው።

ስለዚህ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድን። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። እዚያ በ4,500 ብር የአንድ ሰው የብረት አልጋ አገኘን። አሮጌ አልጋ ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። በሁለት እጃችሁ ያዙና ግራ ቀኝ ግፉት፤ ከተወዛወዘ መገጣጠሚያውን ፈልጉ። የእኛ አንድ እግሩ ላይ ብየዳው ለቆ ነበር፤ በ600 ብር ተስተካከለ።

እናቴ አልጋውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። «ለመጀመሪያ የልጅ ልጄ የሰው አሮጌ?» አለች። እውነቱን ለመናገር የከበዳት አልጋው ብቻ አልነበረም። አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሰው ገንፎውን በልቶ ሲያበቃ ክፍሎቹን እንደሚያይ ታውቃለች። አልተከራከርኳትም። «እንግዲያው ፍራሹን እኔ ነኝ የምገዛው፤ አዲስ!» ብላ ሄደች። እኔም ፍራሽ አሮጌ እንዲገዛ አልመክርም፤ ትኋን አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ከፍራሹ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ቀለሙ ላይ ግን ጠበቅ በሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ከነፍሰ ጡር ወደ ፅንሱም ያልፋል። ብርጭቆ ወረቀቱን እኔ አልነካሁትም። ባለቤቴ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ልጅ በሌለበት ደጅ ላይ፣ ብረቱን ውሃ እያስነካ ፈገፈገው፤ ልብሱንም ለብቻው አጠበ። ደረቁን መፈግፈግ ይፈጥናል፣ ግን አቧራው ይበተናል። አዲሱ ቀለም 1,400 ብር ፈጀ። ቢጫ ነው፤ የመረጠችው ባለ አልጋዋ ናት። እኔ ብሆን ቢጫ አልመርጥም ነበር።

ቁም ሳጥኑን ሰፈር ከሚለቁ ጎረቤቶች በ5,000 ብር ወሰድን። ባለ መሳቢያ ስለሆነ ከግድግዳ ጋር አሰርነው። ልጆች መሳቢያውን ስበው እንደ ደረጃ ይወጡበታል፤ ዕቃው ላያቸው ላይ ይወድቃል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት መሆኑን አትርሱ። አጭር ፊሸር ይነቀላል፤ ለባዶ ብሎኬት የሚሆነውን ጠይቃችሁ ግዙ።

መጋረጃው ከሰልባጅ የተገዛ አንሶላ ነው። በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ለሁለት ተቆርጦ፣ ከነመስፊያው 900 ብር። ከለሮቿና የተሰበሩ መኪናዎቿ በእናቴ አሮጌ አገልግል ውስጥ ገብተዋል። እናቴ ራሷ ናት ያመጣችው፤ ምንም ሳትል በር ላይ አስቀምጣው ገባች።

ሁሉም ሲደመር 12,400 ብር። የተረፈው 2,600 ወደ ወሊዱ ተመለሰ።

ልጅቷ ክፍሉን ቀን ቀን ትወደዋለች። ሌሊት ግን ሌላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትራሷን ታቅፋ ትመጣና ከመሀላችን ትገባለች። ትናንት ሌሊት አልመጣችም። ተነስቼ ሄጄ ያየኋት እኔ ነኝ።