ሮማዊ ያልሆነውስ?

በልጅነቴ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 22 ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ጳውሎስን ሊገርፉት በጠፍር ቢያስሩት፣ ሮማዊ መሆኑን ሲናገር ገራፊዎቹ ወዲያው ሸሹ፤ ሻለቃውም ፈራ። የሮማን ዜጋ ሳይፈረድበት መግረፍ በሕግ የተከለከለ ነበርና። ሻለቃው ራሱ ይህን ዜግነት ያገኘው በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ነበር።

ካደግሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ደስታዬን አደፈረሰው። በዚያ ጠፍር የታሰረው ሮማዊ ያልሆነ ሰው ቢሆን ኖሮስ? ጅራፉ ባረፈበት ነበር። ያን ሰው አንድ ቀን እንኳ አስቤው አለማወቄ አሳፈረኝ።

እርግጥ ሮማውያን እንግዳውን ፈጽሞ አልዘነጉትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ242 ዓመት ገደማ የውጭ አገር ሰዎችን ክርክር የሚሰማ ዳኛ ሾሙ። ከዚህም ዓይነቱ ችሎት ለአሕዛብ ሁሉ የሚሆን ሕግ እየተስፋፋ ሄደ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ212 ዓ.ም. ደግሞ ቄሣር ካራካላ በግዛቱ ለሚኖሩ ነጻ ሰዎች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ዜግነት ሰጠ። ባሪያው ግን ያን ጊዜም በውጭ ቀረ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «የእኛ ሰው ነው» ሲባል ጅራፍን መጣል ቀላል ነው። የፍርድህ እውነተኛነት የሚታወቀው «የእናንተ ሰው ነኝ» ሊል በማይችለው ሰው ፊት ነው።