ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ፣ በሳይክል

ወዳጆች፣ ሳይክል ሲባል ሁላችሁም የምታስቡት ባሕር ዳርን ነው፤ ሜዳውን፣ ዘንባባውን። ዛሬ ስለ ሞጣ ልንገራችሁ። ከሞጣ ወደ ዓባይ፣ ወደ ሰባራ ድልድይ ስለሚወርደው መንገድ። መንገድ ከተባለ! ሰውና አህያ ለዘመናት የረገጡት፣ ድንጋዩ እንደ ደረጃ የተደራረበ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ ወገኑ ገደል።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። አብሮኝ የነዳው ጓደኛዬ የሞጣ ነው፤ ልጅነቱን እዚያ ቁልቁለት ላይ በእግሩ ጨርሶታል። ወሩ ጥር ነበር፣ አፈሩ የደረቀበት። አፋፉ ላይ ቆሜ ፍሬኔን ሁለቴ ስሞክር አየኝና፣ "የበላይ ዘለቀ አገር ልጅ ፈራ እንዴ?" አለኝ። ፈርቻለሁ! ምን ይደበቃል።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መቀመጥ የለም። ፔዳሎቹን እኩል አድርጋችሁ ትቆማላችሁ፣ ጉልበትና ክርን ላላ ይላል፣ ወገብ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዋናው የማቆም ኃይል ያለው የፊት ፍሬን ላይ ነው። ጎማው ድንጋይ በሚመታበት ቅጽበት ጭብጥ ካደረጋችሁት ግን በመሪው ላይ አሳልፎ ይወረውራችኋል። ከድንጋዩ በፊት ያዝ፣ ድንጋዩ ላይ ለቀቅ፣ ካለፋችሁ በኋላ እንደገና ያዝ። ዓይን ደግሞ ማለፊያው ላይ ይሁን፤ የፈራችሁትን ድንጋይ ካፈጠጣችሁበት ትሄዱበታላችሁ።

ማለፊያውን ማን አሳየህ ብትሉኝ፣ አህያ። ጭነት ተሸክሞ የሚወርድ እንስሳ ጉልበቱን የት እንደሚያድን ያውቃል፤ ቀጥታውን ትቶ ይጠማዘዛል። የኮቴውን መሥመር ስከተል ሳይክሉ ዝም አለልኝ። (ኮቴ ያለሰለሰው ድንጋይ ግን በደረቁም ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ ፍሬን መንካት የለም።)

ገና ሲሶውን ሳንወርድ ከታች የሰው ድምፅ ሰማን። ቃሬዛ ነው። ከማዶ፣ ከበጌምድር በኩል፣ ምጥ የጠናባት ሴት ተሸክመው ዓባይን ተሻግረው መምጣታቸው ነው። አጠገቧ የሚሄዱት ሽማግሌ ሳይክላችንን አንዴ አዩና፣ "ልጆቼ፣ እስቲ ትከሻችሁን አበድሩን" አሉን። ሳይክሎቹን ከድንጋይ አስጠግተን ገባን።

በደቂቃዎች የወረድኩትን ሽቅብ ስንወጣ ስንት ጊዜ ትከሻ እንደቀየርን አላስታውስም። የቃሬዛው እንጨት አጥንት ውስጥ ይገባል። ተሸካሚዎቹም የሚረግጡት ያንኑ የአህያውን መሥመር ነበር። ሴትዮዋ አንድም ጊዜ አልጮኸችም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው፣ ከቁልቁለቱ ይበልጥ። አፋፉ ላይ ባጃጅ ተገኘላት። በማግሥቱ ሰማን፦ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ከዚያ ተመልሰን ወረድን። እየሞቀ፣ እየሞቀ፣ ቆላ ገባን።

ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱን ቅስት አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ ቀረ። ከ60 ዓመት በላይ ሕዝቡ ክፍተቱን በገመድ ነበር የሚሻገረው፣ ወገቡን ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ሰዎች እየጎተቱት። ታዲያ የዚህን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ለድልድይ ሥራ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ክፍተቱ ተጠገነ። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ አሁን የሚያሻግረው በብረት ገመድ የተንጠለጠለ መሸጋገሪያ ነው። ሴትዮዋን በገመድ እንዴት ይጎትቷት ነበር? ድልድዩ ላይ ቆሜ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

መሸጋገሪያው ሲወዛወዝ ወርደን ሳይክሎቹን እየገፋን አለፍን። ማዶ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ዞሮ ዞሮ አያቸውና፣ "ወንድምዓለም፣ ይኼ ነገር ሽቅብም ይሄዳል?" አለ።

"ይሄዳል፣ ተሸክመነው" አለው ጓደኛዬ።

ልጁ እየሳቀ ወደ ፍየሎቹ ሮጠ። እኛም ውኃችንን ጠጥተን ሳይክሎቻችንን ትከሻችን ላይ አወጣናቸው።