«እዚያ ነበርኩ» ለማለት

ወገኖቼ፣ አገር ቤት ያላችሁ፣ ካኩማም፣ ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ ባሕር የተሻገራችሁም፣ ዛሬ ስለ ራሽን አልጽፍም። ስለ ሙዚቃ ነው የምጽፈው። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ኢንተርቪው ለምትጠብቁ የሚሆን ነገር አለው።

ጎቲክ ሮክ የሚባል ከእንግሊዝ የተነሣ ሙዚቃ አለ። ጥቁር ልብስ፣ ከበድ ያለ ቤዝ ጊታር፣ ስለ ሞትና ስለ ብቸኝነት የሚያንጎራጉር ድምፅ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ይዞት መጥቶ ነው የለመድኩት። ሌሎቹ «ይሄ ደግሞ ለቅሶ ነው እንዴ?» ይሉን ነበር። እኛ እንጉርጉሮ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይሆናል፣ እኔን አልከበደኝም። ስደት ከወጣሁ በኋላ ግን ከዘፈኑ ይልቅ የያዘኝ፣ አድናቂዎቹ ስለ ድሮ ኮንሰርቶች የሚያወሩት ትዝታ ነው። ዛሬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በወጣትነታቸው ያዩትን አንድ ምሽት ትናንት እንደሆነ አድርገው ያወሩታል።

አንዱን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1979፣ ስኮትላንድ ውስጥ አበርዲን ከተማ። ሱዚ ኤንድ ዘ ባንሺስ የተባለው ባንድ ሊጫወት ነው። ትርኢቱ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ጊታሪስቱና ድራመሩ ጥለው ሄዱ። ከእነሱ በፊት እንዲጫወት የተጋበዘው ዘ ኪዩር የሚባል ወጣት ባንድ ከታሰበው በላይ አርዝሞ ተጫወተ። ሱዚም መድረክ ላይ ወጥታ የሆነውን ለሕዝቡ ተናገረች። ከዚያ የኪዩሩ ሮበርት ስሚዝ ለቀሪው ጉዞ የባንሺስን ጊታር ያዘ። በየምሽቱ መጀመሪያ ከራሱ ባንድ ጋር፣ ቀጥሎ ከእነሱ ጋር ይጫወት ነበር። ደቦ ማለት ይኼ አይደል?

ሁለተኛው ከዚያ ይቀድማል። ጁን 4 ቀን 1976 ሴክስ ፒስትልስ ማንቸስተር ውስጥ ትንሽ አዳራሽ ተጫወቱ። እነሱ የፓንክ ባንድ ናቸው። ሆኖም ከተመልካቾቹ መካከል የነበሩት በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ በኋላ ጆይ ዲቪዥንን ከመሠረቱት ውስጥ ናቸው፤ ጎቲክ ሮክ ደግሞ ከጆይ ዲቪዥን ብዙ ወርሷል። በዚያ ምሽት የነበረው ሰው አርባ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። «እዚያ ነበርኩ» የሚለው ሰው ግን አዳራሹ ከሚይዘው በላይ ሆነ። ዴቪድ ኖላን የተባለ ጸሐፊ በእርግጥ ማን እንደነበረ ለማጣራት መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሷል። ያው ባንድ ጁላይ 20 እዚያው አዳራሽ ተመልሶ ስለተጫወተ፣ ሁለቱን ምሽቶች የሚያምታቱም አሉ።

ሦስተኛው የሊድስ ከተማው ሲስተርስ ኦፍ መርሲ ነው። እነዚህ ደግሞ መድረኩን በጭስ ይሞሉታል። ፊት ለፊት ቆሞ የዘፋኙን ፊት ሳያይ የተመለሰ አድናቂ ብዙ ነው። ታዲያ ምን አያችሁ ቢባሉ፣ አንዱ መብራቱን፣ ሌላው ከጎኑ የቆመውን ጓደኛውን፣ ሌላው ወደ ቤት ሲመለስ የጣለበትን ዝናብ ያወራል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እነዚህ ሰዎች ቀን ይሳሳታሉ፣ ወር ያምታታሉ፣ የዘፈን ቅደም ተከተል ይረሳሉ። «ውሸታም ነህ፣ ኮንሰርት አላየህም» ብሎ ፋይላቸውን የሚዘጋ ግን የለም። ትዝታ እንዲህ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የደስታ ምሽት እንዲህ ከተምታታ፣ በሌሊት ልጅ አዝለው የወጡበት ቀን እንዴት አይምታታ?

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ከቤታቸው የወጡበትን ወር በመጀመሪያው ኢንተርቪው አንድ፣ በሁለተኛው ሌላ ብለው በመናገራቸው ቃላቸው አይታመንም ተባሉ። እሳቸው የሚያስታውሱት ወር ሳይሆን ጤፉ ገና አለመታጨዱን ነው። በዚያ ላይ የእኛ ዓመት ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል። «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ስንል እነሱ ዘጠኝ ይሉታል። አስተርጓሚው አንዷን ሳይቀይር ካለፈ፣ ውሸት ሳይኖር ሁለት ታሪክ ይወለዳል።

ደግሞ ሕጉ ይህን አያውቅም እንዳትሉ። ዩኤንኤችሲአር የስደተኝነት ጥያቄ እንዴት መመርመር እንዳለበት የሚያስረዳውን መመሪያ መጽሐፍ ያወጣው በዚያው በ1979 ነው። አመልካቹ የሚችለውን ያህል ለማስረዳት ጥሮ ታሪኩ በጠቅላላው የሚታመን ከሆነ፣ ማስረጃ ላልተገኘለት ክፍል ጥርጣሬው ለእሱ እንዲታሰብለት ይላል። ይህን የምነግራችሁ ክርክር እንድትገጥሙ አይደለም፤ ከምትለምኑት ውስጥ መብታችሁ የሆነም እንዳለ እንድታውቁ ነው።

ስለዚህ እንደ አስተማሪ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የምታስታውሱትን ዛሬውኑ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ጻፉ። ወሩ ከጠፋችሁ በዓሉን፣ ዝናቡን፣ አዝመራውን ጻፉ። ቀን ስትናገሩ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጀምሩ። የማታውቁትን ለማሟላት አትገምቱ፤ «አላስታውስም» መልስ ነው። አስተርጓሚው ካልገባችሁ እዚያው ተናገሩ። ከመውጣታችሁ በፊት የተጻፈው ቃል እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ወጣቶች ቁጭ ብላችሁ እየሰማችሁ ጻፉላቸው፤ አንድም ቃል ሳትጨምሩ።

እነዚያ አድናቂዎች የአርባ ዓመት ትኬት በመሳቢያ አስቀምጠዋል። እኛ የወጣንበት ቤት ትኬት አይቆርጥም ነበር። ያለን ቃላችን ነው፤ እሱን እንጠብቀው።

ኢንተርቪው የቀረበ ሰው የምታውቁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማታ ኔትወርክ ሲኖር እመልሳለሁ። ቸር ያገናኘን።