ካርታ በቤታችን

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ቁማር ነው። በአማኝ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር ጥራዝ ባለበት መደርደሪያ ላይ ካርታ አይቀመጥም። እኛ ሁለት ወንድማማቾችም ያደግነው በእንዲህ ያለ ቤት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ጥቅል ካርታና ስለ አንድ የተሰበረ እጅ ልናካፍላችሁ ወደድን።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። አምና ጥር ላይ ከሁለታችን ታናሹ በረዶ አዳልጦት ወደቀና የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ታስሮ ቆይቶ ሲፈታ ጣቶቹ እንደ እንጨት ደርቀው ነበር። በመዘምራን መካከል ኪቦርድ የሚጫወተው እሱ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ ቀላል አልነበረም። የእጅ ሕክምና ባለሙያዋ ብዙ ሥራ ሰጠችው፤ ለስላሳ ሊጥ መሰል ነገር መጭመቅ፣ ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈት፣ ካርታ አንድ በአንድ መገልበጥ። ካርታ ወደ ቤታችን የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

መገልበጡ ቶሎ ሰለቸን። ያን ጊዜ አንድ የሠፈር ልጅ በአንድ እጁ ብቻ ጥቅሉን ለሁለት ከፍሎ መልሶ ሲገጥመው አየን። ይህ አከፋፈል የሚጠራው በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ይታወቅ በነበረ ቻርሊየር በተባለ የካርታ ባለሙያ ስም ነው። ዛሬ ወጣቶች ካርዲስትሪ የሚሉት ጥበብ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በእሱ ነው። በካርዲስትሪ የሚወራረድ ገንዘብ የለም፣ የሚታለል ሰውም የለም፤ የሚታየው የእጅ ሥራ ብቻ ነው። ባለሙያዋን ስንጠይቃት፣ «ሕመም ከተሰማህ አቁም እንጂ ሞክረው» አለችን። እኛም ሁለታችንም በግራ እጃችን እንድንማር ተስማማን።

አሠራሩ ሲነገር አጭር ነው። ጥቅሉን በጣቶች ጫፍ ትይዛላችሁ፤ አውራ ጣት በአንዱ ረጅም ጎን፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት በሌላው፣ ትንሿ ጣት ከኋላ ትደግፋለች። አውራ ጣት ትንሽ ሲላላ የታችኛው ግማሽ ወደ መዳፍ ይወድቃል። ሌባ ጣት ከሥር ገብታ የወደቀውን ግማሽ እንደ በር ወደ አውራ ጣት ትገፋዋለች። ጠርዙ የላይኛውን ግማሽ ሲያልፍ የላይኛው ይወርዳል፣ ሁለቱም ይገጥማሉ። በተግባር ግን 52ቱም ካርታዎች ወለሉ ላይ ይበተናሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከመለማመድ ይልቅ ጎንበስ ብለን የለቀምንበት ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ አልጋ ላይ ማድረግ ጀመርን፤ ሲወድቅ ሩቅ አይሄድም። ቀጥሎ ጥቅሉን በግማሽ ቀነስነው። ኋላም 63 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ትተን 57 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጠባቡን ገዛን። ስድስት ሚሊ ሜትር ለደረቀ ጣት ብዙ ነው። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ፤ ከዚያ በላይ አልሄድንም፤ የደከመ ጣት የሚለምደው ስሕተቱን ነውና።

አንደርስ ኤሪክሰን የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ጥናት በበርሊን የነበሩ የቫዮሊን ተማሪዎችን ይመለከታል። የላቁት ተማሪዎች ለብቻቸው በመለማመድ ብዙ ሰዓት ያሳለፉ፣ ደግሞም በቂ ዕረፍት የሚወስዱ ነበሩ። ልምምዳቸው የሚያውቁትን መደጋገም ብቻ አልነበረም፤ የሚያስቸግራቸውን ቦታ ለይተው እሱን ይሠሩ ነበር። የእኛም ችግር አንድ ቦታ ነበር፤ ሌባ ጣት ከሥር የምትገባበት ቅጽበት። ሌላውን ሁሉ ትተን ሁለት ሳምንት ያችን ብቻ ሠራን።

በዚህ መካከል እናታችን ከአዳማ ልትጠይቀን መጣች። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልጆቼ፣ ቁማር ጀመራችሁ እንዴ?»

ሁሉንም ነገርናት፣ አሳየናትም። ሌባ ጣት የምትሠራውን ስንገልጽላት፣ «ሌባ ካለበት ጨዋታ ምን ደግ ይገኛል!» ብላ ሳቀች። ቁጭ ብላ ግን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ካርታው ሲበተን አብራን ለቀመች። በመጨረሻም፣ «እኔ በልጅነቴ ጥጥ ስፈትል እንዲሁ ነበርኩ። እንዝርቱ ይወድቃል፣ ክሩ ይበጠሳል። እናቴ ‹ቀጥይው› ትለኛለች እንጂ ‹ተይው› አትልም ነበር» አለችን።

አንድ ነገር ግን ለመነችን፤ የቤት ኅብረት ቀን ካርታው መሳቢያ ውስጥ እንዲገባ። ከሚመጡት መካከል በቁማር ቤቱ የፈረሰበት ወንድም እንዳለ ታውቅ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ መብልና ስለ ደካማው ወንድም የጻፈው በቤታችን ሥራ አገኘ። ለእኛ የፈውስ መሣሪያ የሆነው ለእሱ የቁስል ማስታወሻ ነው። ያለ ክርክር ተቀበልናት።

ታናሹ የመጀመሪያውን ሙሉ አከፋፈል በአምስተኛው ሳምንት ሠራ፤ ጤነኛ እጅ ያለው ታላቁ ከእሱ ሦስት ቀን ዘግይቶ። ካርታው እጁን ፈወሰው አንልም፤ ባለሙያዋ የሰጠችው ሥራ ዋናው ነበር። ትንሿ ጣቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አትታጠፍም። ሆኖም ወደ ኪቦርዱ ተመልሷል፣ አንዳንዱን መዝሙር በአራት ጣት መጫወትን እየተለማመደ ነው።

ወገኖች፣ ከእናንተ መካከል ሳይሳካ ሲቀር አፍራችሁ የተዋችሁት ነገር ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ንባብ፣ ቋንቋ፣ መሣሪያ፣ ምናልባትም የጠዋት ጸሎት። መውደቁ የልምምዱ አንድ ክፍል ነው። የሚያስቸግራችሁን አንዲት ቦታ ለዩ፣ ሸክሙን በግማሽ ቀንሱ፣ ሲወድቅ ሩቅ የማይሄድበት ቦታ ፈልጉ። የሚቻል ከሆነም አብሯችሁ የሚለቅም ሰው አይጥፋ።