ታኅሣሥ በሳንቲያጎ መንገድ

በሰሜን ስፔን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ሰዓቷን ከበርሊን ጋር አድርጋዋለች፤ ወደ ምዕራብ በተጓዝኩ ቁጥር ንጋቱ እየራቀኝ ሄደ። ማረፊያ ቤቶቹ ደግሞ ሁለት ሰዓት ግድም ተሳላሚውን አስወጥተው በራቸውን ይቆልፋሉ። ብርዱን እችለዋለሁ፤ ገና ሳይነጋ ውርጭ ላይ ውጣ መባሉን ግን እስከ መጨረሻው አልለመድኩትም።

የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር አለበት ወደሚባለው ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው «የፈረንሳይ መንገድ» ከፈረንሳይዋ ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ሲጀመር 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፒሬኔ ተራሮች አናት የሚያልፈው ዱካ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ዝግ ስለሆነ በቫልካርሎስ ሸለቆ ዞሬ ወጣሁ። ኢባኜታ ማለፊያ ላይ፣ 1,057 ሜትር ከፍታ፣ ጭጋጉ ከፊቴ ያለውን ዛፍ ሸሸገብኝ። እ.ኤ.አ. በ778 የፍራንኮች ንጉሥ የሻርለማኝ ጦር ደጀን የተደመሰሰው እዚህ አካባቢ ነው ይላሉ። የእኔን ልብ የያዘው ግን ደወሉ ነው። ድሮ በዚህ ቦታ የነበሩ መነኮሳት በጭጋግና በበረዶ የጠፋ መንገደኛ ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ ደወል ይደውሉ ነበር። ስሙን ለማያውቁት፣ ይምጣ አይምጣ ለማይታወቅ ሰው ብለው በሌሊት ተነስተው ገመድ ይስቡ ነበር። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ከቡርጎስ እስከ ሌዮን ያለው ሜዳ ነፋስ ብቻ ነው።

ወደ ኦ ሴብሬይሮ ከሚያወጣው ዳገት ሥር የደረስኩት ዝናቡ ወደ በረዶ ሲለወጥ ነበር። ሦስት ማረፊያ አንኳኳሁ፤ ሦስቱም እስከ ፋሲካ ዝግ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ለጥፈዋል። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ብቻ ጭስ ይታይባታል። ምድጃው አጠገብ አንድ ኮሪያዊ ወጣት ካልሲውን ያደርቃል። የነቢያት ጾም ላይ ስለነበርኩ ባለቤቲቱን «እናቴ፣ ሾርባው ሥጋ አለው?» አልኳቸው። «የለውም» አሉ። ጎመን፣ ድንችና ነጭ ቦሎቄ ያለበት የጋሊሲያ ሾርባ ቀረበልኝ። ላዩ ላይ የቅባት ዓይን ይንሳፈፋል። ኮሪያዊው ቀምሶ «አሳማ» አለ።

ሴትዮዋን ጠራኋቸው። «ይሄ እኮ ስብ ነው፤ ሥጋ አይደለም» አሉ ተቆጥተው። «የአሳማ ስብ ሥጋ ካልሆነ ምንድን ነው?» አልኩ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ያለ ስብ በዚህ ብርድ ተራራ የወጣ ሰው አላየሁም!» ሳህኑን ከፊቴ አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ርቦኛል፣ ልብሴ ረጥቧል፣ የምሄድበት ሌላ ቤት የለም። ከንዴቴ የተነሳ እንባ እንባ አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ የነጭ ሽንኩርት ሽታ መጣ። በወይራ ዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ቀይ የበርበሬ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር አስቀመጡልኝ። «አያቴም የገና ዋዜማ ሥጋ አትቀምስም ነበር» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። በልቼ እስክጨርስ አልተነሱም። «ነገ በጫካው እንዳትገባ፤ በአስፋልቱ ውጣ» አሉኝ። በመንገዱ ሁሉ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

በማግሥቱ አስፋልቱን ይዤ ወጣሁ። ኦ ሴብሬይሮ 1,300 ሜትር ላይ ያለች መንደር ናት፤ ክብ የድንጋይ ቤቶቿ የሣር ክዳን ደፍተው እንደ ጎጆ ቤቶቻችን በረዶ ውስጥ ቆመዋል። በመካከለኛው ዘመን አንድ ገበሬ በበረዶ ማዕበል ቅዳሴ ሊሰማ ወደዚህ ወጣ፤ ካህኑ «ለቁራሽ ዳቦና ለጥቂት ወይን ይህን ያህል መድከም» ብሎ በልቡ ናቀው፤ ያን ጊዜ ኅብስቱ ሥጋ፣ ወይኑ ደም ሆነ ይላል ትውፊቱ። ጽዋው ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ይታያል። ያን በረዶ ረግጬ የመጣሁ በመሆኔ ታሪኩን በሙሉ ልቤ ተቀበልኩት።

የዚያው ደብር ካህን የነበሩት ኤሊያስ ቫሊኛ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቢጫ ቀለም ይዘው መንገዱን በቀስት ምልክት ማድረግ ጀመሩ፤ በ1989 ዐረፉ፤ ሐውልታቸው እዚያው ቆሟል። ስወርድ በረዶው ዱካውን ቢሸፍነውም ግድግዳና አጥር ላይ የተቀባው ቀስት ይታየኝ ነበር። ባየሁት ቁጥር «ነፍስ ይማር» እላለሁ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሳንቲያጎ ዝናብ ነው።

በእነዚህ ወራት ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ማታ ማታ የነገው ማረፊያ ክፍት መሆኑን ሳትጠይቁ አትተኙ፤ በረዶ ሲጥል የአካባቢውን ሰው ስሙ፤ ጾመኞች ከሆናችሁ ደግሞ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ስቡንም ጠይቁ።