14 ዕቃ፣ 16 ጫፍ

አጎቴ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አላቸው። የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝና የትምህርት ቤት መጽሔት ያትማሉ። እኔ ቅዳሜና እሁድ እየሄድኩ የፊደል ስህተት አርማለሁ። ኮሌጅ ስለገባሁ ኮምፒውተርም የማውቅ ይመስላቸዋል፤ እኔም አንድ ቀን «አላውቅም» ብያቸው አላውቅም። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

በቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩና ራውተሩ ሲደመር 14 ዕቃ ከኔትወርኩ ጋር ይገናኛል። የሚያገናኟቸው ባለ ስምንት ቀዳዳ ሁለት ስዊቾች ነበሩ። መጀመሪያ አንዱ ተገዛ፤ ሲሞላ ሌላ ተገዝቶ ከሥሩ ገባና በአንዲት አጭር ገመድ ተያያዙ። ፍጥነታቸው በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ግን በሴኮንድ የሚያልፈው ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው። አንድ ጊጋባይት የሚሆን የመጽሔት ዲዛይን መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳ 80 ሴኮንድ ይፈጃል። መንገዱ ደግሞ ባዶ አይሆንም። ዲዛይነሮቹ ታችኛው ስዊች ላይ፣ ፋይሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይኛው ላይ ስለነበሩ ሁሉም በዚያች አጭር ገመድ ይጋፋሉ። ፋይል ልከው ቡና ሊጠጡ ይወጡ ነበር።

«ስዊቹ ይቀየር» ብዬ ጋሼን ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። መርካቶ ሄድን። ነጋዴው ሁለት አወጣልን፤ ሁለቱም ባለ 24 ቀዳዳ፣ ሁለቱም ጊጋቢት፣ ማለትም ያንኑ ፋይል በ8 ሴኮንድ ግድም የሚያሳልፉ። አንዱ ዝም ብሎ ተሰክቶ የሚተው ነው። ሌላው ማኔጅድ የሚሉት ነው፤ ውስጡ ተገብቶ ይታዘዛል፣ የሂሳብ ክፍሉን ከእንግዳ ኢንተርኔት ለይቶ ያስቀምጣል፣ ገመድ በስህተት ዞሮ ቢገባበትም ራሱ ይዘጋዋል። ዋጋው ከፍ ይላል። ነጋዴው «ለድርጅት ከሆነ ይሄኛው ይሻላችኋል» አለ። ጋሼ ዞረው አዩኝ። እኔም «ለ14 ዕቃ ምን ያደርጋል ጋሼ? ርካሹ ይበቃናል» አልኩ። በገመዱ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውንማ ጭራሽ አልጠየቅንም፤ ካሜራም የኔትወርክ ስልክም የለንም።

እሁድ ማታ የላይኛውን ስዊች ገመዶች ወደ አዲሱ አዛውሬ ሞከርኩ። ሠራ። አንዳንዱ ኮምፒውተር ግን ከ100 አልወጣ አለ። ጊጋቢት በገመዱ ውስጥ ያሉትን ስምንት ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት በአራቱ ብቻ ይሠራል። ድሮ የዘረጋው ሰው ለመቆጠብ ብሎ አንዱን ገመድ ለሁለት ኮምፒውተር አካፍሎታል! ወይ ብልሃት። ይህን ሳይ ሳይ መሸ። የታችኛውን ስዊች ገመዶች እየነቀልኩ ቶሎ ቶሎ ሰካሁና ታክሲ እንዳያመልጠኝ ሳልሞክር ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሆኜ ስልክ ተደወለ። ኔትወርኩ በሙሉ ሞቷል፤ በዚያው ቀን መታተም ያለበት መጽሔት አለ። ስደርስ የስዊቹ መብራቶች በሙሉ እንዳበደ ሰው ይርገበገባሉ። ጋሼ «ማታ ይሠራ አልነበር?» አሉኝ። «በደንብ ይሠራ ነበር» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። «ጠዋት የነካው ሰው ከሌለ በቀር» ብዬ ጨመርኩ።

ጠዋት ቀድመው የሚገቡት ቢሮውን የሚያጸዱት እትዬ ናቸው። ጋሼ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠርተው ተቆጧቸው። «ኧረ እኔ ገመዱን ስፈራው ነው የምኖረው፤ መጥረጊያዬንም አላስጠጋው» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። እኔም ዝም አልኩ።

ስዊቹን ነቅዬ መርካቶ ወሰድኩና «የተበላሸ ዕቃ ሸጥክልን» ብዬ ጮኽኩ። ነጋዴው አልተቆጣም። ሁለት ላፕቶፕ ሰክቶ ፋይል አሳለፈበት፤ ሠራ። «ስንት ዕቃ ነው ያላችሁ?» አለኝ። 14። «ስንት ገመድ ሰካህ?» ቆጥሬ አላውቅም። «ሂድና ቁጠር፤ ሁለቱም ጫፉ እዚሁ የገባ ገመድ አይጠፋም።»

16 ነበር። ሁለቱን አሮጌ ስዊቾች ታያይዝ የነበረችውን አጭር ገመድ አንዱን ጫፍ ከላይኛው፣ ሌላውን ከታችኛው ነቅዬ ሁለቱንም አዲሱ ላይ ሰክቻለሁ። አንድ ኮምፒውተር «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ስዊቹ ጥያቄውን በሌሎቹ ቀዳዳዎች ሁሉ ያስተላልፋል። በአጭሯ ገመድ የወጣው በሌላው ጫፍ አዲስ ጥያቄ መስሎ ይመለሳል፤ ስዊቹም እንደገና ይበትነዋል። በኢተርኔት ላይ የሚሄድ መልእክት ደግሞ «ይህን ያህል ከዞርክ ይበቃሃል» የሚለው የለም። ወዲያው መንገዱ በአንድ ጥያቄ ቅጂ ይሞላል።

መድኃኒቱ እኮ ከተገኘ ቆይቷል። ራድያ ፐርልማን የተባሉ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሲሠሩ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ተነጋግረው የሚዞረውን መንገድ የሚዘጉበትን ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ዘዴ ፈጠሩ። ስለ ዘዴው ግጥምም ጽፈዋል። (ለሥነ ግጥም መምህራችን ልነግራቸው አስቤያለሁ።) እኔ «ምን ያደርጋል» ያልኩት ስዊች ይህ ነበረው።

ገመዷን ነቀልኩ። መብራቶቹ ሰከን አሉ፤ መጽሔቱ ማታ ታተመ። ጋሼ «ጎበዝ» ብለው የታክሲ ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዜና አጻጻፍ ስንማር ማስተካከያ የሚወጣው ስህተቱ በወጣበት ቦታ ነው ተብለናል። ረቡዕ ሄጄ ሠራተኛው ባለበት ተናገርኩ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩኝና እትዬን «ይቅር በይኝ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለነጋዴውስ ነግረኸዋል?» አሉ። አልነገርኩትም ነበር። በማግስቱ ሄድኩ።

ቅዳሜ በገመዶቹ ላይ ቁጥር እየጻፍን ለጠፍን። ፕላስተሩን የያዙልኝ እትዬ ናቸው። ገመዱን ግን አሁንም አይነኩም።